ፊርማሽ አንቺን አይመስልም ተባልኩ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2016 መጸው ላይ ነው። ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁበት ዓመት ስለሆነ አልረሳውም። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተፈራም እንድረሳው አይፈቅድልኝም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዴ ሞይን የምትባል ከተማ ነው። ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ ተሳፋሪዎችን በዊልቸር መግፋት ነው። ጋሼ ተፈራ ደግሞ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለው። ዜግነት ካገኘ ብዙ ዓመቱ ቢሆንም መርጦ አያውቅም ነበር። "የሚቆጥሩት መስሎሻል?" ይለኛል። እኔም ለዜግነት ፈተና ያጠናሁትን አነበንብለታለሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት ተከራክረን "እዚህ አገር እያንዳንዱ ድምፅ ይቆጠራል" ስል ተጨብጭቦልኛል።

እኛ ጋ ምርጫ በፖስታ ነው። ወረቀቱ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ሞልቶ፣ ፖስታው ላይ ፈርሞ መላክ ነው። በዚያ ዓመት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚል ጥያቄ ነበረበት። ለእኔ ከፕሬዚዳንቱም የሚበልጠው ጉዳይ እሱ ነበር። ነገሩ ትልቅ ነውና ፊርማዬን ቁራጭ ወረቀት ላይ ተለማምጄ፣ ሙሉ ስሜን በእንግሊዝኛ አሳምሬ ፈረምኩና ላክሁ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ፊርማሽ እኛ ጋ ካለው ጋር ስላልተመሳሰለ፣ እስክታስተካክዪ ድረስ ድምፅሽ አይቆጠርም ይላል።

አንድ ቀን ሙሉ ደብዳቤውን ደብቄ ዋልኩ። ማስተካከያ ፎርሙን በፖስታ መመለስ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ፖስታ አላመንኩም። የምርጫ ቢሮው ሬንተን ነው፤ መኪናዬ ጋራዥ ገብታለች። የሚወስደኝ ጋሼ ተፈራ ብቻ ነበር። እያፈርኩ ደወልኩለት።

"አልቆጠሩትም?" አለ። ሳቁንም ለቀቀው። "መጣሁ! ይሄንንማ ሱቅ ዘግቼም ቢሆን አየዋለሁ!"

ቢሮው ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ሁለቱን ፊርማዎች አሳዩኝ። እነሱ ጋ ያለው ከመንጃ ፈቃዴ የተወሰደው ነው፤ እሱን የፈረምኩት አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ በአማርኛ፣ እየተርበተበትኩ ነው፤ አንድ ፊደልና ረጅም ጭራ። ፖስታው ላይ ያለው ደግሞ የሰርግ ጥሪ ይመስላል።

"ሁለቱንም የፈረምሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"እኔ ወንድምሽም አላምንሽም" አለ ጋሼ ከኋላዬ በአማርኛ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። መታወቂያዬን አዩ፣ እንደገና አስፈረሙኝ፣ አንድ የሥራ ባልደረባቸውን ጠርተው አማከሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከእኔ ጋር ቆዩ። በመጨረሻ "በቃ፣ አሁን ይቆጠራል" ሲሉኝ እንባዬ መጣ።

ዞር ስል ጋሼ ከጎን ባለው መስኮት ቆሞ ፎርም ይሞላል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ሬጂስተር እያደረግሁ። ለአንዲት ድምፅ ይሄን ያህል ከደከሙ፣ ይቆጥራሉ ማለት ነው።"

እዚያው አቀፍኩት። እሱን ማሳመኔ ከራሴ ድምፅ በላይ አስደሰተኝ። ደስታዬ መኪናው ፍሪዌይ እስኪገባ ድረስ ቆየ።

"ሶ፣ ያ የሰዓት ክፍያ ነገር፣ 'አይጨመር' የሚባለው የቱ ጋ ነው?" አለኝ።

"ጋሼ!"

"ምን ጠበቅሽ? ሠራተኛ ቀጥሬ የማሠራ ሰው ነኝ እኮ።"

የእሱ ፖስታ ያለ አንዳች ጥያቄ አለፈ። ድምፄን ላስቆጥር ሬንተን ድረስ ሄጄ፣ ድምፄን የሚያጣፋውን ሰው አስመዝግቤ ተመለስኩ።

ውጤቱ ሲታወቅ "ይጨመር" ያልነው አሸነፍን። ጋሼ ወዲያው ደወለ። "አላልኩሽም? የኔን አልቆጠሩትም!"

"ተቆጥሯል ጋሼ። ተሸንፈህ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በመጣ ቁጥር እንዳይረሳ የማስታውሰው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ግን በጣም በተከራከርንበት ጉዳይ ዝም ልል ቃጣኝ፤ ይርሳው ብዬ። ሁለት ቀን ስልኬን እያየሁ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አላስችል ሲለኝ ደወልኩ።

"ልከሃል ወይ?"

"ባለፈው ሳምንት!" አለኝ። "አንቺ እስክትደውዪ የምጠብቅ መስሎሽ ነው?"

ባሰብኩት አፈርኩ። በመላኩ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።