በቀሚስ ጠርዝ የወረደው ዘር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የደርግ ጊዜ ነበር፣ ቀበሌ ጠመንጃ የያዘበት፤ ክረምቱ ወጥቶ አረሙ ሁሉ ዘር ያፈራበት ወር ነበር። ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። ያደረግኩትን ግን አንዲት ሳትጎድል አስታውሰዋለሁ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌን እለፉት።

ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ዘሩ ከባሕር ማዶ በከረጢት ይመጣል፤ እኔ እዘራለሁ፣ አጠጣለሁ፣ አረም እነቅላለሁ። ሰው ተክል ከበቀለበት አይነቃነቅም ይላል። እኔ ሲሄድ አይቼዋለሁ። የራሱ እግር የለውም፤ በሰው እግር ግን ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከዛፍ ዘር ጋር ተደባልቆ ማንም ያልጋበዘው አረም መጣ። ስም አልነበረውም። ፍሬው ቀላ ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ሁለት ጥርስ አለው፤ ልብስ ከያዘ አይለቅም። ዘሩን ሳበጥር ግርዱን ከጣቢያው በላይ ካለው ገደል ደፋሁት፤ እዚያው በቀለ። ያን ጊዜ ሌላ ቦታ አይገኝም ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ምነው ባላወቅኩት?

ጎረቤቴን እጠላት ነበር። አጥር ለአጥር ነን። መጀመሪያ በዶሮ ተጣላን፣ ከዚያ በፍሳሽ፣ ከዚያ በምንም። ለእኔና ለባለቤቴ እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ እሷ አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ ተማሪ። አንድ ቀን ቦኖው ላይ ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ተሰልፈው፣ እኔ ባልዲዬን ከእሷ እንስራ ፊት አስቀደምኩ።

«አያ ታደሰ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። «ቤትህ የሚያለቅስ ልጅ የለ።»

«ችግኞቼ ይጠብቁኛል።»

«እሱስ ልክ ነህ። ልጅ መውለድ ያቃተው ባሕር ዛፍ ያሳድጋል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ባለቤቴም ከሰልፉ ውስጥ ነበረች፤ እሷ አልሳቀችም።

ይኸው፣ ምክንያቴ ይህ ነው። ዛሬም ስጽፈው ያቃጥለኛል። ሰው በዚህ ይገደላል? እኔ ግን ገደልኩበት።

ኋላ ልጇ ጠፋ። ከሚፈለጉት ወጣቶች አንዱ ነው ተባለ። ቀበሌዎቹ ቤቷን ደጋግመው ፈተሹ፣ አላገኙትም። እሷም ገጠር ዘመድ ጋ ሄዷል ትላለች። በየጊዜው ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ትወጣለች፤ ሲጠይቋት እንጦጦ ማርያምን ልሳለም ነው መልሷ። አንድ ቀን ስትመለስ በራፌ ላይ ቆሜ አየኋት። የቀሚሷን ጠርዝ ዙሪያውን ያ ቀይ ፍሬ ነክሶታል። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ደግሞ በዚያ ገደል አያልፍም።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማን ጠየቀኝ? ማን ገረፈኝ? ጠመንጃ የደገነብኝ ማን ነበር? ማንም። በገዛ እግሬ ሄጄ ቀበሌው በር ላይ ለቆመው አብዮት ጥበቃ ነገርኩት።

«ጓድ፣ የጎረቤቴን ቀሚስ አይተሃል?»

«አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ቀሚስ ታያለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«የያዛትን ፍሬ ነው የምልህ። እሱ አረም ከችግኝ ጣቢያው በላይ ካለው ገደል በቀር የትም የለም።»

ሳቁን አቆመ።

በማግሥቱ ገደሉን ከበቡት። ልጁን በደጃችን ሲያሳልፉት በአጥሬ ቀዳዳ አየሁት፤ ሸሚዙ በዚያ ፍሬ ተሸፍኗል። ደስ አለኝ? አዎ፣ ያን ዕለት ደስ ብሎኛል። ይህንንም ጻፍኩት። እናቱ ወደ እስር ቤት ስንቅ ስታመላልስ ከረመች፤ አንድ ቀን «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» ብለው ልብሱን ሰጥተው መለሷት። አልቅሶ መቀመጥ እንኳ ክልክል ነበር። አፏን በነጠላዋ አፍና ስታለቅስ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማት ነበር።

ያኔ ነው ሄጄ አረሙን ከገደሉ በእጄ የነቀልኩት። ምን ዋጋ አለው? በእሷ ቀሚስ፣ በጠባቂዎቹ ሱሪ፣ በልጁ ሸሚዝ ሆኖ ወርዷል። በሚቀጥለው ክረምት አጥራችን ሥር በቀለ፣ ከዚያ ቀጨኔ ወረደ። ዛሬ የሌለበት የለም።

ዓመታት አለፉ። ባለቤቴ ሞተች፤ ብዙም ሳይቆይ እኔን ተስቦ ጣለኝ። ሰው ይይዘናል ብሎ ሸሸ። የመጣችው ያቺው ጎረቤቴ ናት። አጥሚት በማንኪያ አጠጣችኝ፣ ላብ ያራሰውን አንሶላዬን አጠበች።

«ጠጣ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «አያ ታደሰ፣ ያኔ ቦኖው ላይ የተናገርኩህ ሲቆጨኝ ይኖራል። እግዜር በልጄ የቀጣኝ በዚያ አፌ ይመስለኛል። ይቅር በለኝ።»

አጥሚቱ አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥኩና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ልጇን አሳልፌ ሰጠሁ፤ በዚያ ላይ ይቅር ባይ ሆኜ ተኛሁ። እሷ ጥፋቱን በራሷ ላይ ጭና ኖረች፣ እንደጫነችው ሞተች። አንድ ቃል ብናገር ትገላገል ነበር። እኔ አልተናገርኩም።

ፈርቼ ነው አልልም። ዘመኑ ነው አልልም። ተሰድቤ ነው አልልም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ እናንተ ብትምሩኝ አልቀበልም። ለጸሎት ስትቆሙ የእኔን ስም ተዉት፤ የእሷን አንሱ። ከሞት አፍ ያወጣችኝ፣ አስታማ ለዛሬ ያደረሰችኝ ወይዘሮ ጌጤነሽ ናት፤ በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ።