ቁርሷን በልታ የመጣችው ተማሪ

ባለፈው ሳምንት ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ይዤ ቁጭ እንዳልኩ፣ የቤቱ ቴሌቪዥን ላይ አንድ የማውቀው ፊት ብቅ አለ። የቀድሞ መምህራችን ነው። በዕድሜው “እሳቸው” ማለት ነበረብኝ፤ አልልም። ስለ ጎጂ ልማዶች ሊያስረዳን ነው የቀረበው። ሻዬ መረረኝ።

በወጣትነቴ ቅዳሜና እሁድ ቆቦ ውስጥ በኪራይ ክፍል እንግሊዝኛ ለዲግሪ ስንማር፣ የጥንቱን የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረን እሱ ነበር። “ጽሑፍ ከዘመኑና ከማኅበረሰቡ ተነጥሎ አይነበብም” ይለናል፤ ደግ ብሏል። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ሰባኪዎች ስብከትና የችሎት ምስክርነት እያነበበ፣ የጎረቤት ላም በሞተች ቁጥር “ጠንቋይ ናት” ተብላ ስለምትሰቀል ሴት ሲነግረን ጠረጴዛውን ይደበድባል። “ድንቁርና!” ይላል። በዚያ ሙቀት፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ እኛም አብረነው እንናደድ ነበር።

አብራን የምትማረው ብርቄ ግን ከመናደድ አልፋ አሰበችበት። የጎብዬ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ማረሻ እየቀጠቀጡ ገበያ ያወጣሉ። ቀጥቃጭ ደግሞ በእኛ አገር ወሬ ቡዳ ነው፤ ሰው በዓይኑ ይበላል ይባላል። የመመረቂያ ጽሑፏን በዚህ ላይ ልትሠራ ፈለገች፣ የእነዚያን ሴቶች ክስና በአባቷ ላይ የሚወራውን ጎን ለጎን አድርጋ። ያለ መምህሩ ፈቃድ ግን አይሆንም።

የጥንቅሽ ወቅት ነበር። መምህሩ በረንዳው ላይ ቆሞ እየላጠ ሲመጥ፣ ብርቄና እኔ ቀረብነው። ሐሳቧን ነገረችው።

“ይኼ ሥነ ጽሑፍ አይደለም” አላት።

“ምንድን ነው ታዲያ፣ መምህር?”

“ባህል ነዋ! ባህል አይነካም።”

አሜሪካ ሲሆን ድንቁርና፣ ቆቦ ሲደርስ ባህል! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼው ነው። ብርቄ ዓይኗን አልነቅልለት ስትል ደግሞ ጥንቅሹን በኮቱ ከልሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ያህል የተማረ ሰው፣ ግድግዳ እያየ አገዳ ያኝካል።

“አይዞዎት መምህር” አለችው፣ “ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁ።”

ርዕሷን አስቀየራት። ስለ መርከብ ጉዞ ማስታወሻዎች ጽፋ ተመረቀች፤ ዛሬ ሮቢት ከተማ ታስተምራለች። ያ ሳይጻፍ የቀረው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል፤ እኛ አገር ማንበብ የነበረብን እሱን ነበር።

ቴሌቪዥኑ ላይ ጠያቂዋ ውኃ ቀዳችለት። ሰውዬው ብርጭቆውን በመዳፉ ጋርዶ፣ ፊቱን ከካሜራው አዙሮ ተጎነጨ። አንዳንዱ ሰው ያስተምራል እንጂ አይማርም። ወዲያው ለብርቄ ደውዬ ያየሁትን ነገርኳት።

ከት ብላ ሳቀች። “ውይ፣ እስካሁን አልበላሁትም እንዴ?”