ለውጭው ችሎት የተሰጠ ስም

ወንድሜን የወሰዱት ከጅጋ ገበያ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ። ምርጫው በታወከበት ዓመት ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎችና አንድ የታጠቀ ፖሊስ ክንዱን ይዘው መኪና ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በኋላ አባቴ ያልጠየቀበት በር የለም። ፍኖተ ሰላም ሄደ፣ ቡሬ ሄደ፣ በየእስር ቤቱ ደጃፍ ስንቅ ይዞ ቆመ። መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እኛ ዘንድ የለም።» ስንቁን እንደያዘ ይመለሳል፣ እናቴም ተቀብላ ለማግሥቱ ሌላ ታሰናዳለች።

እኔ ያን ጊዜ ቡሬ አስተማሪ ነበርኩ። ደመወዜም ከመንግሥት፣ ፍርሃቴም ከመንግሥት። ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲባል ነገሩ ምን እንደሆነ ሳልሰማ የማወጣ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ አንድ ጠበቃ ከአዲስ አበባ ዘመድ መስሎ ወላጆቼ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቅኩት ማን አይቶት እንደሆነ ነው። የአፍሪካ አገሮች ተስማምተው ያቋቋሙት፣ በሩቅ አገር የሚቀመጥ፣ መንግሥት ሲበድል የተበዳዩን ክስ የሚሰማ አካል አለ አለን። እዚህ አገር ያለው በር ሁሉ ከተዘጋ እዚያ መክሰስ ይቻላል።

«ወታደር አለው?» አለ አባቴ።

«የለውም፣ አባባ።»

«እስር ቤትስ?»

«እሱም የለውም።»

«እንግዲያ መንግሥትን በምን ያስገድደዋል?»

«ዓለም ፊት ያሳፍረዋል» አለ ጠበቃው።

አባቴ፣ «ኀፍረት ካለው ደግ ነው» አለና ቃሉን ሊሰጥ ጠበቃውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ መንገድ መንገዱን እያየሁ በር ላይ ቀረሁ፤ የተባባሉትን አልሰማሁም።

ዓመታት አለፉ። ጠበቃው የመንግሥትን መልስ ይዞ ተመለሰ። እንዲህ የሚባል ሰው በማንኛውም እስር ቤት ገብቶ አያውቅም ይላል። ስሙን ሲያነብልን ደነገጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልዋሹም ነበር። ስሙ የወንድሜ የክርስትና ስም ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ቤት የሚጠራበት፣ መታወቂያው ላይ የሚጻፈው የዓለም ስሙ ነው። ሌላው ካህኑ ሲያጠምቁት ያወጡለት ነው፤ በጸሎት ይነሳበታል እንጂ ለባዕድ አይነገርም። አባቴ ለውጭው ችሎት የሰጠው ይህንን ነበር።

«አባዬ፣ ምነው የሚጠራበትን ስም አልሰጡትም?» አልኩት። ቁጣዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«የሚጠራበትንማ ለእነዚያ ስነግራቸው አልነበር? በየበሩ ስነግር ነው የኖርሁ። ምን ፈየደልኝ? እግዜር የሚያውቀው ይሻላል ብዬ ነው።»

እኔም በልቤ ለወንድሜ ስጸልይ በዚያው ስም ነበር የማነሳው።

ጠበቃው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ከቤተሰብ ውጭ የሚመሰክር ካልተገኘ ክሱ እንደሚወድቅ ነገረን። ቀበሌው ያውቃል፤ ግን ወንድሜን ጠቁሞ ያስያዘው ማን ሆነና ነው። የቀሩት የንስሐ አባታችን ብቻ ነበሩ። ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። ደግሞም የምስክሩ ቃል ከነስሙ ለተከሳሹ ለመንግሥት እንደሚላክ፣ ደንቡ እንደዚያ እንደሆነ ጠበቃው አልሸሸገንም። ለእኔ ሌባ ለመክሰስ ብሎ የቤትን ቁልፍ ለሌባው እንደ መላክ ነበር።

ቃላቸውን እንዲሰጡ የተመረጠው ቀን የእናቴ ጠበል ጸዲቅ ሆነ፤ በዓል ስለሆነ ካህንም እንግዳም ቢገባ አያስጠረጥርም። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቅበት አንድ ለአምስት የሚሉት መጥቶ ስለነበር የኛን ቡድን የሚመራው ጎረቤታችንም ተጠራ። ባንጠራው ለምን ቀረሁ ብሎ ይጠይቃል። ጠላውን እየጠጣ ጠበቃውን አየት ያደርገዋል።

«ይህ እንግዳ የማን ወገን ነው?» አለኝ።

«የእናቴ ያጎት ልጅ ነው፣ ከደብረ ማርቆስ።»

«አልመሰላትም» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጠላ ስቀዳለት ግን ልብሱ ላይ አፈሰስኩበት። ልብሱን ስጠርግ፣ ይቅርታ ስለምን፣ አባቴ ንስሐ አባታችንንና ጠበቃውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ሰውየው ሊነሳ ሲል እናቴ ዳቦ ጨመረችለት፤ እንደገና ተቀመጠ።

ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ጌሾው ሥር ቆመዋል። ጠበቃው ድምፅ የሚቀዳበትን ስልክ ይዟል። የንስሐ አባታችን ጀግና ሰው አልነበሩም። የልጆች አባት ናቸው፤ ትልቁ ልጃቸው ገና ወረዳው ግብርና ቢሮ መቀጠሩ ነው። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። እምቢ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እሺ ይላሉ ብዬም ፈራሁ፤ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም ነበር።

«ያጠመቅሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። ሁለቱንም ስሞች ጠሩ። «አንድ ሰው ነው። ልጄ ነው።»

«አሁን የእርስዎን ስም ይንገሩኝ፣ አባቴ» አለ ጠበቃው።

ከቤት ውስጥ የጎረቤታችን ሳቅ ይሰማል። ንስሐ አባታችን ወደ አባቴ ዞሩ።

«የትኛውን ልስጠው?»

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። ካህኑ በዓለም ስማቸው ተፈልገው እንደሚገኙ ያውቃል። ልጁም እሳቸው በዚያ ስም ካልመሰከሩ እንደማይገኝ ያውቃል።

«የዓለሙን ስጡት፣ አባ» አለ።

እሳቸውም የዓለም ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ከነመንደራቸው ተናገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር የምፈራው ለእኛና ለእሳቸው፣ ለሁለት ቤት ሆነ።