«ይለምዳል» የተባለልኝ የሞተር ድምፅ

ሰርቆኛል። ነገሩን በሌላ ስም ላሳምረው አልፈልግም። ስንት ዘመን መኪናዬን አምኜ የተውኩለት መካኒክ ከድር፣ ራሴ ገዝቼ የሰጠሁትን ዕቃ ሰርቆኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ከሞተሩ ክርክርክር... የሚል ድምፅ ወጣ። ወዲያው ጠፋ። በማግስቱም እንዲሁ። ቀደም ብሎ ቢሆን አይገርመኝም ነበር፤ የሞተሩ የውስጥ ሰንሰለት፣ የታይሚንግ ካቴናው፣ አርጅቶ ነበርና። አሁን ግን ካቴናውን ከድር በቅርቡ ቀይሮታል። ታዲያ ምን ያስጮኸዋል?

ደወልኩለት። ከድር የወሎ ሰው ነው፤ አንደበቱ ለስላሳ ነው። «አብሽር ጋሼ፣ አዲስ ካቴና ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል» አለኝ።

ይለምዳል... ጫማ ይለምዳል። በግ ይለምዳል። ብረት ምን ይለምዳል?

እኔ የመኪናዬ ሞተር ሲከፈት ወንበር ስቤ የምቀመጥ፣ እስኪዘጋም የማልነሳ ሰው ነኝ። ካቴናው የተቀየረ ዕለት ግን ጎረቤት ሞቶ ቀብር ሄድኩ። ስመለስ ሞተሩ ተዘግቷል። አሮጌው ካቴና በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። ካቴናው እንዳይላላ በዘይት ጉልበት የሚገፋው ቴንሽነር አብሮ እንዲቀየር አዲስ ገዝቼ ለከድር ሰጥቼ ነበር፤ አሮጌውን ስጠይቅ ግን «ተጥሎ ይሆናል» ተባልኩ። ያኔ አላሰብኩበትም።

ሞተር ያወቅኩት በትምህርት ቤት ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ዘይቱን አየሁ፤ ልክ ነው። ረጅም ካቻቢቴ አንስቼ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩና ባለቤቴን ቁልፉን አዙሪልኝ አልኳት። ድምፁ የሚመጣው ልክ ቴንሽነሩ ካለበት ነው። ዘይት እስኪደርሰው ካቴናው ላልቶ ይንኳኳል፤ ሲደርሰው ይወጠርና ዝም ይላል። አዲስ ቴንሽነር እንዲህ አያደርግም። ይሄ የደከመ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «አንተ ደግሞ የማትጠረጥረው ሰው የለም» ብላኝ ወደ ቤት ገባች።

ስፖኪዮ ላይ የታርጋ ቁጥር የሚቀረጸው ሌባ ነቅሎ እንዳይሸጠው እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ የሞተር ውስጥ ዕቃም አልምርም። በሚስማር የስሜን መጀመሪያ ፊደል ሳልጭርበት ለመካኒክ የሰጠሁት ዕቃ የለም። ቴንሽነሩም ላይ «ገ» ብዬ ጭሬበታለሁ። ይህን ለከድር ነግሬው አላውቅም።

የከድር ጋራዥ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ጀርባ ነው። ስደርስ ጠያቂዎች ስንቅ የሚገዙባቸው ሱቆች አጠገብ ቆሜ፣ መምጣቴን ልንገረው ብዬ ደወልኩለት። ንዴቴ ድምፄን ከፍ አድርጎታል። ካቴናው ያለበትን ዛሬ እኔ ፊት ትፈታዋለህ እያልኩ ሳወራ አንድ ጠባቂ ገልመጥ አደረገኝ። እሱ ካቴና ሲባል የሚያውቀው እጅ የሚታሰርበትን ነው። የሞተር ነው አልኩት... ያመነኝ አልመሰለኝም። እኔም ያን ዕለት ማንንም አላመንኩም።

ከድር መጀመሪያ ሻይ ልዘዝልዎት አለ። አልፈልግም አልኩ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ አለ። ይቀዝቅዝ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ደግነቱ ቴንሽነሩ ሞተሩ ሳይከፈት ከውጭ ይወጣል። ፈታው። ተቀብዬ ዘይቱን በጨርቅ ጠረግኩ፤ አገላብጬ አየሁት። «ገ» የለም።

«የኔስ?» አልኩት።

እውነቱን ተናገረ። ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ሴት አለች፤ ባሏን ለኩላሊት እጥበት የምታመላልሰው በራሷ መኪና ነው። መኪናዋ የኔው ዓይነት ናት። የኔዋ በተከፈተችበት ዕለት የሴትዮዋም መኪና ጋራዡ ውስጥ ተከፍታ ሳለ የተገዛላት ቴንሽነር ልኩ አልሆን አለ። ባልየው ደግሞ በማግስቱ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከድር የኔን አንስቶ ለሷ ገጠመው፤ ለኔ አሮጌዬን መለሰልኝ። ሌላ ገዝቶ ሊተካልኝ አስቦ ገበያ ላይ አጣው። «ይለምዳል» ያለኝ እስኪያገኝ ድረስ እንዳልመጣበት ነው።

«ሄጄ ፈትቼ ላምጣልዎት?» አለኝ።

«ሴትዮዋስ?»

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት። «ስልክ አለኝ። ቀብር ላይም ብሆን አነሳ ነበር።»

ከድር እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ ሰዓት ስንት ነው እንደተባለ ሰው ሆኖ «ብጠይቅዎት እምቢ ይሉ ነበር፣ ጋሼ» አለኝ።

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሥራቸውን አቆሙ። የሚስቅ ይኖራል ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ማንም አልሳቀም። «ኧረ ከድር፣ ጋሼማ አይከለክሉም» የሚል አንድ ሰው ጠበቅኩ... አልተገኘም። ሁሉም ከዓመት ዓመት የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው።

የሴትዮዋን መኪና እንዳይነካ ነገርኩት። የኔዋ አዲስ ቴንሽነር እስኪገኝ እዚያው ትቁም ብዬ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና በታክሲ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ስርቆቱን ነገርኳችሁ። እምቢ እል ነበር ወይስ አልል ነበር የሚለውን ግን ማንም እንዳይጠይቀኝ። ባለቤቴም ስትጠይቀኝ ትቻት ወጣሁ።

ይህ ወሬ ከዛሬ በኋላ ከአፌ አይወጣም።