ካልሆነ ደውሉ

ጓደኛዬ የሠራውን ፕሮግራም መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን መመሪያው ከአምስት መስመር አይበልጥም ነበር። የመጨረሻው መስመር «ካልሆነ ደውሉ» ይላል። ከሥሩ የራሱን ስልክ ቁጥር ጽፎበታል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ። እኔ እንደዚህ ነኝ፣ የተዝረከረከ ነገር ካየሁ እስኪስተካከል ድረስ ሰው አላስቀምጥም።

ያደግነው ካዛንቺስ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እሱ ኮምፒውተር ሲማር እኔም ተከትዬው ገባሁ፤ እስካሁንም የምበላው እንጀራ የመጣው በሱ ቀንቼ ነው። ፕሮግራሙ የኛን ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ ጋር የሚያስታርቅ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ጳጉሜ የምትባል ነገር መኖሯን አያውቅም፤ ክሊኒክ ቀጠሮ ልስጥበት ሲል፣ ትምህርት ቤት ልመዝግብበት ሲል ግራ ይጋባል። ጓደኛዬ ይህን አስተካክሎ በነጻ ለቀቀው። ክፍት ሶፍትዌር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ነው፣ የፈለገ ይወስደዋል፣ ስህተት ያገኘ አርሞ ይመልሰዋል። በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ልጆች ወሰዱት። ከዚያ፣ በቃ፣ መደወል ጀመሩ።

«ይሄ መመሪያ ነው እንግዲህ?» አልኩት።

«ምን ጎደለው?»

ምን ጎደለው! ጽሑፉ የካዛንቺስ ሰው ቤቱን ሲያመለክት እንደሚናገረው ነበር። «ከላይ ወረድ በሉ፣ ትልቁን ክፍል እለፉ፣ ቀጥሎ ካለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ቀይሩ።» አጠገቡ ምን ማለት ነው? ትልቁስ በማን ዓይን ነው ትልቅ? እኛ ሰፈር ይሄ ይሠራ ነበር። ቀዩን በር አለፍ ብለሽ፣ ልብስ ሰፊውን ወደ ግራ ትተሽ፣ ከጠፋብሽ ደውይ፣ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። አሁን ቀዩ በርም ልብስ ሰፊውም የሉም፤ ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፣ እኔ ራሴ እዚያ ተወልጄ እንግዳ ሆኛለሁ። እሱም ኮዱን ከቦታ ቦታ አዘዋውሮት፣ ያ «ትልቁ ክፍል» ከቦታው ከተነሳ ቆይቷል። መመሪያው ግን አሁንም እዚያ ይልካል።

«ለዚህ እኮ ነው ደውሉ ያልኩት» አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው።

ሲደወልለት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይይዝና «አትደንግጥ፣ መጀመሪያ አትደንግጥ» ይላል። ከዚያ ከደሴ የደወለውን ልጅ የደሴ አየር እንዴት እንደሆነ ይጠይቀዋል። ልጁ ሚስቱ ልትወልድ እንደሆነ ይነግረዋል። ወደ ጳጉሜ የሚደርሱት ብዙ ቆይተው ነው። በሳምንቱ ይሄው የደሴው ልጅ መልሶ ይደውልና ወንድ ልጅ ተወለደ ይለዋል፣ ስለ ፕሮግራሙ አንድም ቃል ሳያነሳ።

እውነቱን ለመናገር ይሄ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራ ላይ የምጠቀምባቸው የውጭዎቹ ክፍት ፕሮግራሞች መመሪያቸው ልክ ነው፣ ጥርት ያለ። ግን አንድ ጥያቄ ስትጠይቂ «መመሪያውን አንብቢ» ብለው ጥያቄሽን እዚያው ይዘጉብሻል። ስንት ጊዜ ተሸማቅቄያለሁ! እሱ ማንንም አሸማቅቆ አያውቅም። ደግሞ ሰፈራችን ሲፈርስ የደረሰው ቤት ከተማው ጫፍ ነው፤ ጎረቤቶቹን ገና አልለመዳቸውም። እንደ ድሮው ግቢያችን «ቤቶች!» ብሎ የሚጠራው ስልኩ ብቻ ነበር።

ከዚያ አንገቱ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ እንቅርት ነበረበት። ሐኪሙ ድምፁ እስኪያገግም ትንፍሽ እንዳትል አለው፣ በሹክሹክታም ቢሆን። ወይ ጉድ! ያን ወሬኛ! ልጠይቀው ስሄድ አልጋው ላይ ተቀምጦ የሚጮኸውን ስልክ ዝም ብሎ ያያል። አነሳሁለት። ጅማ ካለ ክሊኒክ አንዲት ልጅ ናት፣ የሕፃናቱ የክትባት ቀጠሮ ከጳጉሜ ዘሎ መስከረም ላይ ወጥቶባታል፤ እናቶቹ በተሳሳተ ቀን ሊመጡ ነው። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም። የሚያውቀው ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ አንዴ ራሱን እየነቀነቀ፣ አንዴ በጣቱ አየር ላይ እየጻፈ ይወራጫል። በስንት መከራ ገባኝና ነገርኳት።

ስልኩን እንደዘጋሁ «በቃ፣ እንጽፈዋለን» አልኩት። «ሁሉንም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ እየተገናኘን ጻፍነው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አስተካክላለሁ። ጽሑፉ ልክ እንደ አፉ ነው። «ከሁሉ በፊት አትደንግጡ። ጳጉሜ ያላስቸገረችው ሰው የለም» ብሎ ይጀምራል። ይሄ ምን ይሠራል ብዬ ሰረዝኩት። በሳምንቱ ስከፍተው መልሶታል። እንደገና ሰረዝኩ፤ እንደገና መለሰ። ክፍት ፕሮግራም ላይ ደግሞ የተሰረዘውም የተመለሰውም ከነባለቤቱ ይታያል፤ ጠባችንን አገር ያነበው ነበር። በኋላ ያቺው የጅማዋ ልጅ ከሥር «እባካችሁ አትሰርዙት፣ እኔን ያረጋጋኝ እሱ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም። ሰው አድራሻ ብቻ ሳይሆን የሚቀበለው ሰውም እንደሚፈልግ ያኔ ገባኝ፣ መመሪያ ላይም ቢሆን።

የመጨረሻዋን መስመር ግን እኔ ነኝ ያነሳኋት። «ካልሆነ ደውሉ» የምትለዋን። መናገር የማይችል ሰው ጋ ምን ብለው ይደውላሉ? ይመልሳታል ብዬ ጠበቅኩ። አልመለሳትም። ያን ቅዳሜ ማኪያቶው እየቀዘቀዘ መመሪያው ላይ አንድ መስመርም አልጨመረም። ቆይቶ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ወደ እኔ አዞረው።

«ሁሉም መመሪያው ላይ ካለ ማን ይደውልልኛል?»

«አርፈህ ጻፍ ባክህ» አልኩት፣ ስልኩን መልሼ ወደ እሱ እየገፋሁ።

መመሪያው ወጣ። እኔ ስለ ሥራ ብዙ አልኩራራም፣ ግን አማረ። ሰዎች እያነበቡ ራሳቸው ያስተካክሉ ጀመር፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም እኛ የሳትነውን አርመው ላኩልን። እኔ በየቢሮው «መመሪያ ማለት እንዲህ ነው» እያልኩ አሳይ ነበር። ሐኪሙ ቀስ እያልክ ተናገር ብሎ የፈቀደለት በዚያው ሰሞን ነው። ካፌው ሄድን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። ተቀመጥን፣ ጠጣን፣ ተጨዋወትን። አንዴም አልጮኸም። በየመሃሉ ስክሪኑን ነካ አድርጎ ያያል፣ ባትሪው እንዳለ ለማረጋገጥ ያህል። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባምቢስ አካባቢ ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩና ደወልኩለት። የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ አነሳው።

«ሄሎ» አለ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቀጥኗል፣ ግን የሱ ነው።

«እንደምን ዋልክ? አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው» አልኩት። «የጳጉሜ ቀጠሮ መስከረም ላይ ወጣብኝ። ምን ላድርግ?»

ከበስተጀርባው የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማኛል።

«መመሪያው ላይ አለ እኮ» አለ በመጨረሻ። «አንቺው ራስሽ አይደለሽ ያስተካከልሽው?»

«አላነበብኩትም» አልኩት።

ሲስቅ ሰማሁት፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ከዚያ ወንበር ሲስብ ተሰማኝ።

«በይ እሺ፣ መጀመሪያ አትደንግጪ» አለኝ። «እማማ ግን እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?»

ከእናቴ ጉልበት ጀመርኩለት።