ማሻአላህ የጎደለው ትርጉም

ነርሷ ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ከተንጠለጠለው ሚዛን በስተቀኝ ቆማለች፤ ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ነው። ከውጭ አገር ከመጣች አራተኛ ወሯ ነበር። የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ መዝገቡን ከዘረጋበት ጠረጴዛ ኋላ ነው፤ ስም ለመጥራት በየደቂቃው ስለሚነሳ እሱም እንደቆመ ይቆጠር። የልጁ እናት ከሚዛኑ ፊት ናት፤ ቢወድቅ ልትቀበለው ሁለት እጆቿን ዘርግታለች። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብለው ዱላቸውን ተደግፈዋል። ሌሎች ሠላሳ ያህል እናቶች በአጥሩ ጥላ ተሰልፈዋል። እኔ በነርሷና በእናቲቱ መካከል ነበርኩ፤ የአስተርጓሚ ቦታ እዚያ ነው። ልጁ ብቻ አልቆመም፤ ቁምጣ በሚመስለው ጨርቅ ውስጥ ሆኖ እግሮቹን እያወናጨፈ ከሚዛኑ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጊዜው ደርግ፣ ዘመኑ የድርቁ ማግስት ነው። ከከሚሴ ዳር በግራሩ ሥር ሐሙስ ሐሙስ ሕፃናት ይመዘናሉ፣ ለከሱት አልሚ ዱቄት ይሰጣል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳላመጣ ቀርቼ ነበር። እንግሊዝኛዬ ግን ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሥራውን ያገኘሁት በዚያ ስለነበረ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራችን በሳምንት አንድ ቃል ይሰጠንና ትርጉሙን አብዝተን እንድናመጣ ያዝዘን ነበር። አንድ ሳምንት የሰጠን ቃል «አድማየር» ነው። ክፍሉ ማድነቅ ብሎ ቆመ። እኔ ግን ማድነቅ፣ መደነቅ፣ ማክበር፣ ማሞገስ፣ በመልካም ዓይን ማየት፣ እንደ እሱ በሆንኩ ማለት ብዬ ስድስት ጻፍኩ፤ እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር አስገባሁት። መምህሩ ደብተሬን ለክፍሉ አሳየ። ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። «ደህና» አለችና እራት ሲቀርብ ሥጋውን በእኔ በኩል ገፋችው። በእኛ ቤት ሰው ፊት ለፊት አይደነቅም ነበር። በሰፈራችንም ያማረ ሕፃን ያየች ሴት «ምን ያስጠላል ይሄ» ትላለች፤ እናቱም ታመሰግናታለች። መልካሙን በስሙ የጠራ ሰው ማሻአላህን ያስቀድማል፤ አላህ የሻውን ነው የማየው፣ የኔ ዓይን አይረፍበት ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ውሃ ሲጠጡ መቀመጥን እንደማውቀው አውቀዋለሁ።

ሥራ ስጀምር ድሬሰሩ ደንቡን ነገረኝ። «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ያለችውን ብቻ። ደግሞ እዚህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ቢስሚላሂ፣ ኢንሻአላህ እያልሽ ስብከት እንዳታደርጊው፤ ካድሬው በየሳምንቱ ነው የሚመጣው።» ክፉ ሰው አልነበረም። ሲደሰት «መዝገበ ቃላታችን» ይለኝ ነበር፤ ሲናደድም ያንኑ ይለኛል። ደንቡን ያዝኩት።

በዚያ ሐሙስ ሚዛኑ ሲረጋ ነርሷ ሳቀች። ልጁ መጀመሪያ ሲመጣ አጥንቱ የሚቆጠር ነበር፤ አሁን ጭኑ ሞልቶ እጥፍ እጥፍ ብሏል። እናቱ ዱቄቱን ለሌሎቹ ልጆቿ ሳታካፍል፣ በቀን አምስት ጊዜ እያበሰለች ለእሱ ብቻ ነበር የምትሰጠው። ነርሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተናገረች። ያንን የክፍላችንን ቃል፣ «አድማየር»ን ነው ያለችው፤ ልጁንም እናቱንም በዚያው በአንዱ ቃል።

ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰልፉም እንዲሰማ፣ «ልጅሽን በጣም ታደንቀዋለች። አንቺንም ታደንቅሻለች።» አልኩ።

አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

አማቷ ዱላቸውን መሬት ላይ ጥለው ልጁን ከነጨርቁ ከሚዛኑ አወጡት። ግራና ቀኙን እንትፍ እንትፍ አሉ፤ ፊቱን በሻሻቸው ሸፈኑት።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«የእስላም ልጅ ናት ለካ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሰልፉ። ምራታቸውን በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ነይ፣ ብለው ጠሯትና ተከታትለው ወጡ። የሳምንቱ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ነርሷ ምን እንዳጠፋች ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ያን ቀን የዋሸሁት እሱን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም። ከጎረቤታቸው የመጣች አንዲት እናት ልጇን እያስመዘነች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያ ልጅ ተቅማጥ ይዞታል፣ ሦስት ቀኑ» አለችኝ። «አያቱ ከዚያ ሚዛን ሁለተኛ አይሰቀልም ብለው ምለዋል። ከዚህ የሄደ ነገርም አያስቀምሱትም። ዓይን ነው ይላሉ።»

እንደዚያ ያለ ሕፃን በተቅማጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ እዚያ ግራር ሥር ተምሬአለሁ። ለነርሷ አሁን በትክክል ነገርኳት፤ የጎደለው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደጎደለ። ድሬሰሩ ቀና ብሎ ይሰማ ነበር።

«እኔ ልሂድ?» አለች።

«አንቺ አትሂጂ። እኔ ነኝ የምሄደው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ማሻአላህን አንቺ ባትይውም እኔ እላለሁ። ካልሆነ ሌላ አስተርጓሚ ፈልጊ።»

ድሬሰሩን አየችው። እሱም «እኔ አልሰማሁም» አለና ስም መጥራቱን ቀጠለ። ነርሷ በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ መድኃኒት ሰጠችኝ። ልጁን ዛሬውኑ እንዳመጣላትም ነገረችኝ።

ቤታቸው በጨፋ መንገድ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ስደርስ አማቷ ከደጃፉ ማሽላ ያበጥራሉ። «አከም ኦልተን» ብዬ እንዴት ዋሉ አልኳቸው። «ነጋ» አሉ፤ ደህና ማለታቸው ነው። ሰላምታ ግድ ስለሆነ እንጂ ቀና አላሉም።

«መዝገቡን ይዘሽ መጣሽ?»

«መዝገብ አልያዝኩም፣ እማማ። ልጁን ላየው ነው።»

«አይተሽዋል። በአንድ ማየትሽ ይኸው ተኝቷል።»

እናቲቱ ከውስጥ ልጁን ታቅፋ ብቅ አለች። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም። አማቷን ነበር የምታየው።

አማቷ ሰፌዱን አስቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ዓይን የማን ነው? የፈረንጇ ነው ወይስ የአንቺ?»

የነርሷ ነው ብል እኔ ነፃ ነኝ። የነርሷ ነው ብል ግን ልጁ ወደ ግራሩ አይመለስም፤ ነገሩን የሰሙትም ልጆቻቸውን ይዘው ይቀራሉ። ደግሞም እውነት አይደለም።

«የኔ ነው» አልኩ። «እሷ በቋንቋዋ ያለችውን እዚያ ከነበራችሁት አንዳችሁም አልሰማችሁም። የሰማችሁት የኔን አፍ ነው። ማሻአላህን የተውኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

«አውቀሽ ለምን ተውሽው?»

«ሥራ ነው አሉኝ።»

«ሥራ ነው አሉኝ» ብለው ደገሙት፤ ሊስቁ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። «አሥራ ሁለት ዓመት ተምረሽ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት።»

«ተነሽ ታጠቢ።»

ዓይን ያረፈበት ሰው፣ ዓይኑን ያሳረፈበት ሰው በታጠበበት ውሃ ይድናል፤ በእኛ አገር ልማዱ ይህ ነው። ውሃ በማሰሮ አመጡልኝ። ለሶላት እንደምታጠበው እጄን፣ አፌን፣ ፊቴን፣ ክንዴን፣ እግሬን ታጠብኩ። የወረደውን በጣሳ ተቀበሉት። አምኜበት እንደሆነ በኋላ የጠየቁኝ አሉ። እኔ የማውቀው ልጁ መድኃኒቱን እንዲጠጣ መፈለጌን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ፊት መታጠብ ብዙ አይደለም።

አማቷ እጃቸውን ከጣሳው እየነከሩ የልጁን ራስና ጀርባ አራሱ። ከጨረሱ በኋላ ወደ ውስጥ አስገብተውኝ አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው መደቡን መታ መታ አደረጉ።

«በይ አሁን ፈረንጇ ያለችውን እንደገና ንገሪኝ። እንደ ሰው አድርገሽ።»

ስድስቱን ትርጉም አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ማሞገስ አይሆንም፤ የአዝማሪ ነው። እንደ እሱ በሆንኩ ማለት ጭራሽ አይነካም። በመልካም ዓይን ማየት ደግሞ በዚያ ቤት ዓይን የሚባል ቃል ማንሳት ነው።

«ማሻአላህ» አልኩ። «አላህ የሰጣችሁን አይታ ደስ ብሏታል። ከጉድጓድ ለመለሰችው እናቱ ደግሞ ክብር አላት። እሷ ብትሆን እንደዚህ መቻሏን እንጃ። ይህን ነው ያለችው።»

እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይሄን ሁሉ ነው ያለችው?» አሉ አማቷ። «አንዴ ብቻ ነው እኮ አፏን የከፈተችው።»

«አንድ ቃል ነው።»

«ለክብሩም፣ ለደስታውም፣ ለልጁም፣ ለእናቱም አንድ ቃል?»

«አዎ።»

«ድሃ ናቸው ለካ» አሉ። «እንግዲህ ምን ያድርጉ፣ ባላቸው ነው የሚናገሩት።»

መድኃኒቱን ከቀሚሴ ኪስ አውጥቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ገልብጠው አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ ራሳቸው ፈልቶ የበረደ ውሃ በኩባያ ቀድተው በጠበጡት፤ በጣታቸው ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ቢስሚላሂ» ብለው በማንኪያ ሰጡት። የመጀመሪያውን ተፋው። ሁለተኛውን ዋጠ። ሦስተኛውን ፈልጎ አፉን ከፈተ።

ኩባያው እስኪጋመስ ማንኪያውን አላስቀመጡም።

«ነርሷ ዛሬ አምጪው ብላለች» አልኩ። «እናትና ልጅ እዚያው ውለው ያድራሉ። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ እኔ እይዘዋለሁ።»

አማቷ ማዘያውን ከግድግዳው ችንካር አውርደው ለምራታቸው ሰጧት። እሷም ልጁን አዘለችው። እኔ ጫማዬን ከደጃፉ አንስቼ አጠለቅኩና ቀድሜ ወጣሁ።