ኮምቦልቻን የተሰጠች ልጅ

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደሴ ሆስፒታል በር ላይ እንድገኝ ቀጠሮ ነበረኝ። በዚያ ሰዓት ግን መውረጃዬን አልፌ፣ ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ የሞላ ፌስታል ታቅፌ፣ መንገዱን ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነበር። ከኮምቦልቻ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሆስፒታሉን ሲያልፍ አይቼዋለሁ። «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ። ሌላ ሰው ይወርድ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ማንም አልወረደም።

የቀጠረችኝ ኮምቦልቻ ጎረቤታችን የሆነች ነርስ ናት። የካንሰር ሕሙማን የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሳይኮሎጂ ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ እስካገኝ ቤት መቀመጤን አይታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ግድግዳ ስታዪ ከምትውዪ እኔ ዘንድ ነይና ልጆቹን አጫውቺልኝ» አለችኝ። ሕፃናቱን የሚያጫውት ሰው አይጠፋም፤ ትልልቆቹም እርስ በርስ ይጫወታሉ። ችግሩ መሐል ላይ ያሉት፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ናቸው። እነሱ ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። እኔም ግድግዳ በማየት ልምድ ስላለኝ ሳይሆን አይቀርም የመረጠችኝ።

ወደ ክፍሉ ከመግባቴ በፊት ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው አስቆሙኝ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

«ልጆቹን የምታነጋግሪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ጥጉ ላይ ያለችው የኔ ልጅ ናት። አደራ ልጄ፣ ያቺን ቃል እንዳታነሺባት።»

የትኛዋን ቃል እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

«ወላሂ አልዋሸኋትም» አሉ። «ነቀርሳ ነው ብያታለሁ። እሷ የሳንባ ነቀርሳ መሰላት። 'ቲቢ ነው በለኛ' አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ።»

የእኛ ቋንቋ ለሁለቱም አንድ ቃል አለው። ትልልቅ ሰዎች ካንሰርን ነቀርሳ ይሉታል፤ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ደግሞ ቲቢ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሐጂ በሁለቱ መካከል የምትገኝ ጠባብ ቦታ አግኝተው እዚያ ተደብቀዋል። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ብሆን የምገባበት ቦታ ነው።

ነርሷ የቀረውን ነገረችኝ። ልጅቷ አንገቷ ላይ የነበረው እብጠት መድኃኒቱ ከተጀመረላት ወዲህ ሟሟ። ስለዚህ «ድኛለሁ፣ ነገ ጠዋት ጉሉኮስ የሚባል ነገር እጄ ላይ አይሰካም፣ ቤቴ እሄዳለሁ» ብላለች። ሐኪሙ ሕክምናው መሐል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ሲመጣም ይብሳል ይላል። እውነቱ እንዲነገራት አባትየውን ደጋግሞ ጠይቋቸዋል። እሳቸው ደግሞ ቃሏን ከሰማች ተስፋዋ ይቆረጣል ብለው ይፈራሉ።

«ሳይነገራት አትቆይም፣ ሳትቆይ አትድንም» አለች ነርሷ። «አንቺ ግን አደራውን ጠብቂ። የመናገር መብት የእሳቸው ነው።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት አይከብደኝም።

ክፍሉ ውስጥ ፌስታሌን ፈትቼ ወረቀቶቹን አደልኩ። ፊኛ፣ ቢራቢሮ፣ ኮፍያ ያደረገ ጥንቸል። ቀለም የሚቀቡ ስዕሎች ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ለማስታወስ ስሞክር፣ በር አጠገብ ያለው ልጅ ጥንቸሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ተመለከተው። ከኩታበር ገጠር የመጣ ነው፤ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እናንተው፣ መዋለ ሕፃናት አስመዘገቡን እንዴ?» አለ።

«ዝም ብለህ ቀባ» አለችው ጥጉ ላይ ያለችው ልጅ፣ ወረቀቷን ሳትነካ። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። «ጎበዝ ከሆንክ ከረሜላ ይሰጡሃል። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ጥንቸል አልቀባም።»

ፊቴ ጋለ። ከመስኮቱ ውጭ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ነበር፤ ገብቼበት ብጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። የኩታበሩ ልጅ ሳያዝንልኝ አልቀረም።

«እንቆቅልሽ!» አለኝ።

«ምን አውቅልህ» አልኩ። ምን ልበል ብዬ ሳላስብ ያን ቀን ከአፌ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነው። ቃሉ ራሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

«አንድ እግር አለው፤ ውሃ ተሸክሞ ሽንት ቤት ድረስ ይከተለኛል።»

ዙሪያዬን አየሁ። ከአልጋው አጠገብ የጉሉኮሱ ማንጠልጠያ ቆሟል። አውቄዋለሁ፤ ግን «አላወቅኩትም፣ አገር ልስጥህ» አልኩት። ደሴን ሰጠሁት።

«ደሴ ገብቼ ምን አጥቼ» አለ ጀርባውን ትራሱ ላይ አመቻችቶ። «ጋቢዋን ደርቤ፣ ሚኒባሷን ነድቼ፣ ይህችን ሴትዮ መውረጃዋን አሳልፌ! መልሱ የጉሉኮስ ማንጠልጠያ።»

ነርሷ ማርፈዴን ከነምክንያቱ አውርታላቸው ኖሯል። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ጥንቸሎቹን ሰብስቤ ወደ ፌስታሉ መለስኳቸው።

ከዚያ በኋላ እኔ ምንም አላደረግኩም ማለት ይቻላል። ወንበሬን መሐል ላይ አድርጌ ተራ እጠብቅ ነበር። በተማሪነቴ ያነበብኩት ሁሉ ስሜትን ስለማውጣት ነበር፤ እነዚህ ልጆች ግን ስሜት ውስጥ አልገቡም። እንቆቅልሽ ይሠሩ ነበር እንጂ። አንዱ የከርከዴ ሻይ መስሎ በክንድ የሚገባውን ቀይ መድኃኒት ጠየቀ። ጥጉ ላይ ያለችው ልጅ መጀመሪያ አኩርፋ ቆየች፤ በኋላ ዝም ማለት አቃታት።

«እንቆቅልህ!» አለችው የኩታበሩን ልጅ።

«ምን አውቅልሽ።»

«ባዶ እጁን አይመጣም፣ ሳያለቅስ አይሄድም።»

«ጠያቂ!» አለ ወዲያው። «ያንቺ አክስት!»

«የኔን አክስት ተዋት፣ ያመጣችውን ሙዝ የበላኸው አንተ ነህ። ሌላ፤ እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ።»

«ማታ ትራሴ ላይ አብሮኝ ተኝቶ፣ ጠዋት አብሮኝ ያልተነሳ።»

ልጁ እጁን ወደ አናቱ ሰደደ። ራሱ ላይ ምንም የለም። ሁላችንም መልሱን አውቀናል፤ እሱም አውቆታል።

«ይሄን አልመልስም» አለ። «አገር ውሰጂ። ኩታበርን ከነድንቹ።»

«ኩታበር ገብቼ ምን አጥቼ፣ ድንቹን ቀቅዬ፣ አንተን ልጣጭ አስጥዬ...» ብላ ጀመረችና መልሱን ሳትናገር ተወችው።

አባቷ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስትስቅ አይተው ፊታቸው ፈካ ብሏል። እሷ ግን አየቻቸውና ተቃንታ ተቀመጠች።

«አባ፣ ግባና ተጫወት።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ ተጫወቱ።»

«ግባ በአላህ። እንቆቅልህ!»

የኩታበሩ ልጅ ጣልቃ ገባ። «ለአባትሽ እንቆቅልህ ትያለሽ? እኛ አገር ለትልቅ ሰው እንቆቅልዎ ነው።»

«እንቆቅልዎ ካልኩትማ ጨርቅ ልገዛ የመጣሁ ይመስለዋል» አለች። አባቷ ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ቤት አላቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ገብተውም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ምን አውቅልሽ» አሉ።

«ስሙ አንድ፣ በሽታው ሁለት። በአንዱ የታመመ ኪኒን እየዋጠ ኳስ ይጫወታል። በሌላው ለታመመችው ግን አባቷ ኮሪደር ላይ ቆሞ ያለቅስላታል። ሁለተኛው ማን ነው?»

ነርሷ መርፌ የምትደረድርበትን ሳህን ይዛ ቆመች። እኔ መሬቱን አየሁ። አደራውን እኔ አላፈረስኩም፤ ግን እዚያ በመቀመጤ ብቻ ያፈረስኩት መሰለኝ። ሐጂ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቃሏ አልወጣችም። ያ ዝምታ ምን እንደሚመስል በደንብ አውቃለሁ፤ «ወራጅ አለ» ማለት ሲያቅተኝ እኔም እንዲያ ነኝ።

«አላወቅኩትም» አሉ በመጨረሻ። «አገር ልስጥሽ።»

«ስጠኝ።»

«ኮምቦልቻን ሰጠሁሽ።»

«ሐጂ፣ ኮምቦልቻ እኮ የዚህች ሴትዮ አገር ናት» አለ የኩታበሩ ልጅ ወደ እኔ እየጠቆመ፤ ድምፁ ግን እንደበፊቱ አልነበረም።

«እንግዲያው እሷም የኔ ሆነች፣ ግብር ታስገባለች» አለች ልጅቷ። ከዚያ ዓይኗን ከአባቷ ሳትነቅል ቀጠለች። «ኮምቦልቻ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሙቀቷን ለብሼ፣ ብርቱካኗን ልጬ፣ አባቴን ጥላ ሥር አስቀምጬ። መልሱ ካንሰር ነው።»

አገር የሰጠ ሰው መልሱን መስማት አለበት፤ የጨዋታው ሕግ ነው። ሐጂ ሰሙ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ማንም። የክፍላችን ልጅ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር። ኪኒኑን እየዋጠ ኳስ ይጫወታል፣ ጸጉሩም ሙሉ ነው። እኔ ለምን ይሄ ሁሉ ይሆንብኛል? ለቲቢ እንዲህ አይለቀስም፣ አባ። ለቲቢ ከሆነ ይሄ ሕክምና በዛ፤ እሄዳለሁ ያልኩት ለዚህ ነው።»

«ልጄ፣ እንዳትፈሪ ብዬ ነው እኮ።»

«የምፈራው ፊትህን ሳየው ነው።»

እጇን ያዙ። አላለቀሱም፤ ወይም አልታየኝም፣ መሬቱን ወደ ማየት ተመልሼ ነበርና። ልጅቷ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ሲስተር፣ ይድናል?»

«ያንቺ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ይድናል» አለች ነርሷ። «መድኃኒቱ ካልተጨረሰ ግን ማንም ቃል አይገባልሽም። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ይነግርሻል። ያልገባሽን ሁሉ ጠይቂው፤ አባትሽም ይስማ።»

«እጠይቀዋለሁ» አለች። «ስለ ጉሉኮሱ ግን ከዚያ በኋላ ነው የምወስነው።» ከዚያ ወደ እኔ። «አንቺ፣ ነገ ትመጫለሽ? ግብሬን አምጪ። ብርቱካን።»

ነርሷን አየኋት። «ልጣጩ ያልተቀደደ ከሆነ፣ በደንብ ታጥቦ» አለች።

«እሺ» አልኩ።

ስወጣ ሐጂ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ይቆጡኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብቻ አሉኝ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲመጣ ሹራቤን አወለቅኩ። ስለ ማንም ጤና ሳይሆን፣ ነገ ጠዋት ልጅቷ ቤቷ ሄዳ ያ አልጋ ባዶ ይሆን ይሆን እያልኩ ነበር የማስበው። ቃሉን ማወቅና ክንድን መዘርጋት አንድ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ገበያ ወርጄ ብርቱካን ገዛሁ። ሻጯ ከላይ ያሉትን ስትመዝንልኝ፣ እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ልቀበል ነበር፤ አንዱ ልጣጩ ተላጦ ስላየሁ «ይሄን ቀይሪልኝ» አልኳት። ቀየረችልኝ። ቤት አጥቤ፣ በንጹሕ ፌስታል አድርጌ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ለእሷ የምጠይቃት እንቆቅልሽ ስፈልግ ቆይቼ፣ ሆስፒታሉን እንደገና አለፍኩት። እንደገናም ተመለስኩ።

ስደርስ ሐኪሙ ከክፍሉ እየወጣ ነበር። ሐጂ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ልጅቷ ክንዷን ትራስ ላይ ዘርግታለች፤ ባለአንድ እግሩ ማንጠልጠያ አጠገቧ ቆሟል፤ ነርሷ ፕላስተሩን እየለጠፈች ነው።

«አረፈድሽ» አለችኝ። «መውረጃሽን አለፍሽ አይደል?»

«አለፍኩ።»

«ግብሬስ?»

ፌስታሉን ከፈትኩላት። በነጻው እጇ ትልቁን መረጠች፤ አንድ እጇ ታስሮ ስለነበር የላጥኩላት እኔ ነኝ።